ሶኬት ለሌለበት ሌሊት፦ ለተራራ ጉዞ የሚሆን የንባብና የጽሑፍ መሣሪያ አመራረጥ

ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ «እስከ» የምትባለውን ቃል አሳምሬ አውቃታለሁ። «እስከ 50 በመቶ ቅናሽ» የሚል ማስታወቂያ ያየ ሰው ሱቁ ሲገባ፣ 50 በመቶ የተቀነሰው ጥግ ላይ የተንጠለጠለ አንድ ሸሚዝ ብቻ ሆኖ ያገኘዋል። የኤሌክትሮኒክስ ሻጮችም ይህችን ቃል ይወዷታል። ትንሹ ኪንድል፣ ማለትም የአማዞን የንባብ መሣሪያ፣ ባትሪው «እስከ 6 ሳምንት» ይቆያል ተብሎ ነው የሚሸጠው። ከሥር በደቃቅ ፊደል የሰፈረውን ያነበበ ግን ስሌቱ በቀን ግማሽ ሰዓት ብቻ ለሚያነብና ዋይፋዩን ለዘጋ ሰው የተሠራ መሆኑን ያያል። 42 ቀን በግማሽ ሰዓት ሲባዛ 21 ሰዓት ይመጣል።

21 ሰዓት መጥፎ ቁጥር አይደለም። ለአራት ቀን የተራራ ጉዞ ከበቂ በላይ ነው፤ አብዛኛው ስልክ ስክሪኑ በርቶ ይህን ያህል አይሄድም። ነገር ግን ለጉዞ ዕቃ ሲመርጡ ሳምንቱንና ወሩን ትተው ሰዓቱን ይቁጠሩ፤ ምክንያቱም ከከተማ ወጥተው ድንኳን የሚተከልበት ሜዳ ሲደርሱ ሶኬት የሚባል ነገር ከኋላ ቀርቷል።

አሁን አሁን የአዲስ አበባ ቤተሰብ በእግር መሄድ እየለመደ ነው። እንጦጦ፣ መናገሻ ሱባ፣ ወንጪ ቅዳሜና እሁድ የሚያውቁትን ሰው ሳያገኙ አይመለሱም። ጠዋት ሄዶ ማታ ለሚመለስ ሰው ይህ ጽሑፍ ብዙም አይጠቅመውም፤ ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ ይበቃዋል። ጥያቄው የሚለወጠው ውጭ ማደር ሲመጣ ነው። ወደ ሰሜን ተራሮች ይሁን ወደ ባሌ፣ ሦስት ሌሊት ድንኳን ውስጥ የሚያድር ሰው ማታ 12 ሰዓት ሲጨልም እስከ ሌሊቱ ሦስትና አራት ሰዓት ምን ይሠራል? ያነባል፤ ወይም ይጽፋል። በምን?

በእኛ ቤት ይህ ጥያቄ ሦስት ሳምንት ሙሉ በየቡናው ላይ ተነሥቷል። አባቴ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። ወጣት ሳለ፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ ጎባ አስተምሯል፤ በእረፍት ቀን ከተማሪዎቹ ጋር ተራራውን እየወጣ የእያንዳንዱን ዛፍና ምንጭ ስም በአማርኛም በኦሮምኛም ለቅሞ ይዞ ነበር። «እጽፈዋለሁ» እያለ ዓመታት አልፈዋል። መሳቢያው ውስጥ ያለው ደብተር ሁለት ገጽ ብቻ ነው የተጻፈበት። ባለፈው ጥር እሱ፣ እኔ፣ ባለቤቴና የ14 ዓመቷ የእህቴ ልጅ ከዲንሾ ተነሥተን በዌብ ሸለቆ በኩል ወደ ሳነቲ አምባ የአራት ቀን ጉዞ ለማድረግ ስንወስን፣ አባቴ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀው፦ ማታ ማታ የሚያነበው መጽሐፍ። የእኛ ፍላጎት ሌላ ነበር። በመንገድ ላይ የሚናገረው ሁሉ እዚያው እንዳይቀር ፈለግን።

በመጀመሪያ፣ ብርዱ

የሳነቲ አምባ ሰፊው ክፍል ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ ከላዩ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ባለ ቁጥር ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ሊቲየም ባትሪ ደግሞ ብርድ አይወድም። ውስጡ ያለው ኬሚካላዊ እንቅስቃሴ ስለሚዘገይ፣ ስልኩ ማታ 40 በመቶ እያሳየ ተኝቶ ጠዋት ድርግም ብሎ ሊጠፋ ይችላል። የአባቴ ስልክ በሁለተኛው ቀን ጠዋት ያደረገው ይህንኑ ነው። አልተበላሸም፤ ጋቢው ውስጥ ገብቶ ሩብ ሰዓት ሲሞቅ ተመልሶ በራ። ከዚያ በኋላ ስልኮቹም ፓወር ባንኩም ከሰው ጋር በስሊፒንግ ባግ ውስጥ ማደር ጀመሩ። አንድ ጥንቃቄ፦ በብርድ የጠነከረን ስልክ ሳያሞቁ ቻርጅ ማድረግ ባትሪውን ለዘለቄታው ይጎዳዋል። ባዶ መሆኑ ችግር የለውም፤ ቀዝቅዞ መሞላቱ ነው ጠንቁ።

ሌላው ባትሪ በሊታ ኔትወርክ ነው። ሲግናል በሌለበት ሸለቆ ስልክ ቀኑን ሙሉ አንቴና ፍለጋ ይማስናል። ከመነሻው ኤርፕሌን ሞድ ላይ ካደረጉት ግን ፎቶ እየተነሣበት፣ ድምፅ እየተቀዳበት እንኳ ሁለት ቀን ሊያዘልቅ ይችላል።

ለማንበብ

ስልክና ታብሌት በራሳቸው ብርሃን የሚታዩ ስክሪኖች ናቸው። በ4,000 ሜትር ከፍታ የቀትር ፀሐይ ሲያርፍባቸው መስታወት ይሆናሉ፤ የሚያዩት የራስዎን ፊት ነው። ኪንድል፣ ኮቦና መሰሎቻቸው የሚጠቀሙበት «ኢ-ኢንክ» የሚባለው ስክሪን ግን የውጭውን ብርሃን እንደ ወረቀት ይመልሳል፤ ፀሐዩ በበረታ ቁጥር ጽሑፉ ይበልጥ ይደምቃል። ኃይል የሚወስደውም በዋናነት ገጽ ሲገለጥና የፊት መብራቱ ሲበራ ነው። ትንሹ ኪንድል 158 ግራም ይመዝናል፤ ከአብዛኛው ስልክ ያነሰ ማለት ነው። ውኃ የማይገባውን የሚፈልግ ሰው ከፍ ወዳለው ፔፐርዋይት ይሄዳል፤ ክብደቱ 200 ግራም ገደማ ነው። ለአባቴ ግን ትልቁ ነገር ክብደቱም ባትሪውም አልነበረም። ፊደሉን እንደ ልብ ማተለቅ መቻሉ ነው። የታተመ መጽሐፍ ማታ በባትሪ መብራት ማንበብ ካቆመ ቆይቷል፤ መነጽሩን አውልቆ በትልቅ ፊደል ሲያነብ ማየት ለእኔ የዕቃውን ዋጋ መልሷል።

የውጭ ሀገር ምክሮች የማያነሡት የእኛ ጉዳይ እዚህ ላይ ይመጣል፦ ፊደላችን። የንባብ መሣሪያ ሲገዙ «አማርኛ ያነባል ወይ?» ብለው ቢጠይቁ ሻጩ «አዎ» ይላል። አይመኑት፤ አንድ የአማርኛ ፋይል ይዘው ሄደው እዚያው ያስከፍቱ። በፊደል ፈንታ ሳጥን ሳጥን ከመጣ መሣሪያው የግዕዝ ፎንት የለውም ማለት ነው። መፍትሔ አለው፤ ኪንድልም ኮቦም በኬብል ከኮምፒውተር ጋር ሲገናኙ «ፎንትስ» በሚል ፎልደር ተጨማሪ ፎንት ይቀበላሉ፤ እንደ አቢሲኒካ ያለ ነፃ ፎንት እዚያ ከጨመሩ በኋላ በንባብ ቅንብሩ ውስጥ መምረጥ ነው። ይህን ግን ቤት ሆነው ያድርጉት። ዌብ ሸለቆ ላይ ኮምፒውተር የሚያበድር የለም።

ሁለተኛው ችግር ፋይሉ ነው። በእጃችን ያለው አብዛኛው የአማርኛ ዲጂታል መጽሐፍ ስካን ተደርጎ በፒዲኤፍ የተቀመጠ ነው። (በቴሌግራም የሚዞረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ደራሲው ሳያውቅ ነው፤ ይህ ራሱን የቻለ ርዕስ ነው።) ስካን ማለት ፎቶ ስለሆነ ፊደሉን ማተለቅ አይቻልም፤ ገጹን በሙሉ አጉልቶ ግራና ቀኝ እየጎተቱ ማንበብ ነው፤ በስድስት ኢንች ስክሪን ላይ ደግሞ ትዕግሥት ይፈታተናል። መሣሪያውን አጋድሞ ማንበብ በመጠኑ ይረዳል። ንባብዎ በአብዛኛው ስካን ከሆነ ግን እውነቱን ልንገርዎ፣ ትንሽ የንባብ መሣሪያ አይግዙ፤ ባለ አሥር ኢንች ታብሌት ይሻልዎታል፣ ግማሽ ኪሎ ገደማ ተሸክመው፣ በቀን ጥላ ፈልገው ማለት ነው።

ሦስተኛው የቆዩ ጽሑፎች ጉዳይ ነው። ቤት ውስጥ በድሮው ፓወር ግዕዝ ወይም ቪዥዋል ግዕዝ የተተየበ ነገር ካለ፣ የአባትዎ ማስተማሪያ ጽሑፍ ወይም የቤተሰብ የትውልድ ሐረግ ሊሆን ይችላል፣ በአዲሱ መሣሪያ ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና ምልክት ድርድር ሆኖ ይመጣል። የግዕዝ ፊደል ዓለም አቀፉ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ሶፍትዌር የየራሱን አሠራር ይከተል ነበር፤ ከዚያም በኋላ የድሮው ልማድ ለዓመታት ቀጥሏል። እንዲህ ያለውን ፋይል ወደ ዩኒኮድ አስቀይሮ ወይም እንደገና አስተይቦ መያዝ ያስፈልጋል።

ዓይንን ማሳረፍ ለሚፈልግ ደግሞ ጆሮ አለ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሰምቶ ያደገ ትውልድ የድምፅ መጽሐፍን ጥቅም ማንም እንዲነግረው አይፈልግም። ስክሪኑ ጠፍቶ ድምፅ ብቻ የሚያጫውት ስልክ ባትሪ የሚበላው በጣም ጥቂት ነው። አስቀድመው ያውርዱ፤ ባለገመድ ማዳመጫ ይያዙ፤ ቻርጅ የማይፈልግ አንድ ዕቃ ተገኘ ማለት ነው።

ለመጻፍ

ላፕቶፑን ቶሎ ልጨርሰው፦ ቤት ይቅር። አንድ ኪሎ ከምናምን ክብደት፣ ቻርጀሩ ሲጨመር ከዚያም በላይ፣ ባትሪው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ50 ዋት ሰዓት በላይ ስለሚሆን ተራ ፓወር ባንክ አንድ ጊዜ እንኳ አይሞላውም።

በእንግሊዝኛ የሚጽፉ ተጓዦች በጣም የሚወዱት አንድ የቆየ መሣሪያ አለ፤ አልፋስማርት ኒዮ ይባላል። ኪቦርድና ጠባብ ስክሪን ብቻ ነው፤ በሦስት ትናንሽ የባትሪ ድንጋይ 700 ሰዓት ይሠራል ተብሎለታል። ማምረት የቆመው እ.ኤ.አ. በ2013 ቢሆንም ያገለገለው አሁንም በኢንተርኔት ይሸጣል። ሳነብ ልቤ ሸፍቶ ነበር። ችግሩ የእኛን ፊደል አያውቅም። ለአማርኛ ጸሐፊ 700 ሰዓት የሚቆይ ዝምታ ነው።

በስክሪን ላይ በብዕር የሚጻፍባቸው ሪማርከብልና ኪንድል ስክራይብ የተባሉ ዕቃዎችም አሉ፤ የተለመዱት ሞዴሎቻቸው 400 ግራም ገደማ ይመዝናሉ። የእጅ ጽሑፍ ሥዕል ስለሆነ በእነዚህ ላይ አማርኛ ያለ ችግር ይጻፋል። የእጅ ጽሑፉን ወደ ታይፕ የመለወጥ አገልግሎታቸው ግን አማርኛን አስቦ የተሠራ አይደለም። ስለዚህ በመጨረሻ የሚያገኙት በጣም ውድ ደብተር ነው። አባቴ ዋጋውን ሲሰማ «ደብተሬ ምን አለ?» አለ። እውነቱን ነው።

ቀሪው ምርጫ ስልክና ታጣፊ የብሉቱዝ ኪቦርድ ነው፤ እኔ የማምንበትም ይህ ነው። ስልኩን አስቀድሞ ይዘውታል፤ ኪቦርዱ ታጥፎ መዳፍ ያክላል፤ አንድ ጊዜ ቻርጅ ከተደረገ ከጉዞው ይረዝማል። አንድ እንቅፋት አለው። ስልክዎ ላይ አማርኛ በጣትዎ ይጽፉ የነበረበት ኪቦርድ፣ የውጭው ሲገናኝ ከስክሪኑ ይጠፋና እንግሊዝኛ ብቻ የሚጽፍ ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ። ኪይማን የሚባል ነፃ አፕ አለ፤ የእንግሊዝኛውን ቁልፍ እንደ ድምፁ ሲመቱ የግዕዙን ፊደል ያወጣል። ኪቦርዱን ከመግዛትዎ በፊት ከስልክዎ ጋር አገናኝተው «ኃይል፣ ዓለም፣ ፀሐይ፣ ጧት፣ ቋንቋ» ብለው ይተይቡ፤ አራት ነጥብም ያስቀምጡ። እነዚህን ከጻፈ ሌላውንም ይጽፋል። ሲዘረጋም መሃሉ የማይዋልል፣ ጉልበት ላይ ተቀምጦ የማይታጠፍ መሆኑን ይሞክሩ፤ ሳነቲ ላይ ጠረጴዛ የለም።

ይህ ሁሉ ሆኖ አባቴን የሚመለከት አንድ ሐቅ ነበር፦ ተቀምጦ አይናገርም። ማታ ድንኳን ውስጥ «በል እስቲ ንገረን» ሲባል ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ይተኛል። የሚናገረው ሲራመድ ነው። አስታውን ሲያይ፣ ጅብራው ጥግ ቀይ ቀበሮ ስታደባ ሲያይ፣ አንድ የሚያውቀው ወንዝ ላይ ሲደርስ። ስለዚህ ዋናው የጽሑፍ መሣሪያችን የድምፅ መቅጃ ሆነ። ስልኩን ደረት ኪሱ ውስጥ ከትተን ኮሌታው ላይ ስፖንጅ ያላት ትንሽ ባለገመድ ማይክ ሰካንለት። ስፖንጇን አትናቋት፤ አምባው ላይ ነፋሱ አያባራም፤ ያለ እሷ የሚቀዳው ነፋስ ብቻ ነው። በየእረፍቱ ቅጂውን አቁመን ስም እንሰጠዋለን፦ ቀኑ፣ ቦታው፣ ስለ ምን እንደተናገረ። ይህን ያላደረገ ሰው ከሳምንት በኋላ «ቅጂ 17» ምን እንደሆነ ለማወቅ ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ግድ ይሆንበታል።

ማታ በኪቦርዱ የምንተይበው ስሞቹን ብቻ ነበር። የእህቴ ልጅ ትተይባለች፣ አባቴ ያርማል። ልጅቷ ታብሌቷን ካልያዝኩ ብላ ያኮረፈችው እስከ ሻሸመኔ ድረስ ብቻ ነበር። ደብተርና እርሳስ ይዛ ስለነበር የቅጠሎቹን ሥዕል ሠራች፤ እኛም በየማታው ገጾቹን በስልክ ፎቶ እናነሣለን። እርሳስ ያልኩት በምክንያት ነው፤ እስክሪብቶ ሲበርደው አልጽፍ ይላል።

ኃይል መሸከም

10,000 የተጻፈበት ፓወር ባንክ 10,000 አይሰጥም። ያ ቁጥር በውስጡ ባለው ባትሪ ቮልቴጅ የተሰላ ነው፤ ወደ ስልኩ ሲሻገር በአምስት ቮልት ከ6,000 ትንሽ ያልፋል። ባለ 5,000 ስልክን ከአንድ ጊዜ ተኩል በላይ ሞላ ብለው አይጠብቁ። ሐቀኛ አምራቾች ትክክለኛውን ቁጥር ከሥር በትንሹ ያትሙታል። ገበያችን ደግሞ «50,000» የተለጠፈባቸው ቀላል ሳጥኖች ሞልተውታል። በእጅዎ ይመዝኑት፤ እውነተኛ ባለ 10,000 ክብደቱ 200 ግራም አካባቢ ነው፤ በዚያ ክብደት «50,000» የሚል ካገኙ መልሰው ያስቀምጡት። ለአራት ሰው ለአራት ቀን አንድ ባለ 20,000ና አንድ ባለ 10,000 በቅቶን ተርፏል። ወደ ሮቤ በአውሮፕላን ለሚሄድ፣ ፓወር ባንክ የሚፈቀደው በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው፤ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያልፈው እስከ 100 ዋት ሰዓት፣ ወደ 27,000 የሚጠጋ መሆኑን ያስታውሱ።

ታጣፊ ሶላር ቦርሳ ላይ አንጠልጥሎ መሄድ ለፎቶ ያምራል። ሰው ሲራመድ ግን ፓነሉ ፀሐይን በትክክል የሚያይበት ጊዜ አጭር ነው። ከሳምንት ላነሰ ጉዞ በዚያ ክብደት ሁለተኛ ፓወር ባንክ መያዝ ይሻላል፤ ሶላር ከያዙም ካምፕ ላይ ዘርግተው ፓወር ባንኩን ይሙሉበት።

ጓዙን በፈረስ አስጭነው ቢሄዱም ኤሌክትሮኒክሱን ከጀርባዎ አያውርዱ። ጭነት በገመድ ይጠፈራል፣ ድንጋይ ላይ ይወርዳል፣ ላዩ ላይ ይቀመጡበታል። ዚፕ ያለው ፕላስቲክ ውስጥ፣ ሹራብ ተጠቅልሎ፣ ከእርስዎ ጋር ይሁን።

ከመግዛትዎ በፊት አንድ ቅዳሜና እሁድ ቤት ውስጥ ይሞክሩት። ዓርብ ማታ ሁሉንም ይሙሉ፣ ስልኮቹን ኤርፕሌን ሞድ ላይ ያድርጉ፣ ከዚያ እስከ ሰኞ ጠዋት ሶኬት አይንኩ። እንደ ጉዞው ያንብቡ፣ ይጻፉ፣ ይቅዱ። መብራት ኃይል ራሱ ሊያግዝዎት ይችላል። ሰኞ ጠዋት ያልተነካ ዕቃ ካለ ከዝርዝሩ ይሰረዝ፤ ቀድሞ ያለቀው ምን እንደሆነም ያያሉ። እኛ ቤት ያልተነካው ታብሌቱ ነበር፤ ቀድሞ ያለቀው የባለቤቴ ስልክ፣ በቼዝ ጨዋታ።

ከተራራው ከመውረዳችን በፊት ቅጂዎቹን ሁሉ ያለ ኔትወርክ በሁለት ስልክ ላይ አባዝተናል፤ አንዱ ወንዝ ቢወስደው ሌላው እንዲተርፍ። 11 ሰዓት ከ40 ደቂቃ የአባቴ ድምፅ አለን። እስካሁን የተየብነው ሦስቱን ሰዓት ነው፤ ታጣፊው ኪቦርድም ከኔ ቦርሳ ወጥቶ አሁን የሚኖረው እሱ ሳሎን ነው።